ሦስተኛ ደረጃ መሬት

መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳየው ደስ አለኝ። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ሰው እየተከፋፈለ የሚያለማው አንድ የጋራ አትክልት ቦታ አለ። ወረፋው ረጅም ነው፤ እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄ ነው የደረሰኝ። በዚያው ቀን የተሰጣቸው ሌሎች ሰዎች «ይሄ ሲሚንቶ እንጂ አፈር ነው እንዴ!» እያሉ ሲያማርሩ፣ እኔ ቁጢጥ ብዬ ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ ሰደድኩት። እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ። እንዲህ የሚሰነጠቅ መሬት በደንብ አውቃለሁ።

ያደግኩት እነዋሪ ነው፤ ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ሜዳ ላይ። አገሩ ሁሉ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ አፈር። ዋልካ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጥና ጫማ ከእግር ያወልቃል። ውሃ ከያዘ አይለቅም፤ የዘሩበትን ያበሰብሳል። ስለዚህ የእኛ አገር ገበሬ ካረሰ በኋላ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ይወጣና አፈሩን በእጅ እያስዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል። ውሃው በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ይወጣል፤ እህሉ መደቡ ላይ ይተርፋል። እኔም ከእናቴ ጎን አጎንብሼ ወገቤ እስኪቆረጥ ጭቃ ዝቄአለሁ። ጠልቼው ነው ያደግኩት። ከጠመኔ በቀር በእጄ ምንም አልይዝም ብዬ ምዬ አስተማሪ ሆንኩ።

እዚህ አገር ስመጣ ጠመኔውም ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሠርቻለሁ። የሰው እናት አጥባለሁ፣ የሰው አባት አበላለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ሥራዬን አልንቀውም፤ ማንም እንዲንቀውም አልፈቅድም። ግን የማነጥፈው አልጋ በማግስቱ ሌላ ሰው ይተኛበታል። «ይሄን እኔ ነኝ ያቆምኩት» ብዬ የማሳየው አንድ ነገር አልነበረኝም። ይህች ቁራሽ መሬት ስትሰጠኝ ታዲያ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ሽምብራ እዘራባታለሁ፣ እሸቱን ከነሥሩ ነቅዬ እዚያው ቆሜ እበላለሁ።

ባለቤቴ የኤርፖርት ሾፌር ነው፤ በቀልዱም በእውነቱም አይምረኝም። የመጀመሪያው ቀን አፈር ስቆፍር መኪናውን ፓርክ አድርጎ በመስኮት አየኝ።

«አንቺ፣ ሽምብራ እኮ ስቶሩ ሁሉ ሞልቷል። ሙሉ ሺፍት ሠርተሽ መጥተሽ እዚህ ዲግ ታደርጊያለሽ?»

«ስቶር ያለው ደረቅ ነው» አልኩት።

«ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፊው ይርሳል» አለና መስኮቱን ዘጋ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቁራሽ የአንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ነበር። ልጃቸው ከሰዓት በኋላ በመኪና አምጥቶ፣ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግቶላቸው ይሄዳል። ዕድሜያቸው ሰማንያን ሳያልፍ አይቀርም፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ አንደበታቸው ግን አልደከመም። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ስማቸውን መጥራት ስለከበደኝ «አባባ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም በቋንቋቸው ልጄ ይሉኝ ጀመር።

እሳቸውም እንደ እኔ ስንጥቁን አይተው ነበር የተደሰቱት። ከዘራቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰድደው፣ የገባውን ያህል በአውራ ጣታቸው ይዘው አውጥተው አሳዩኝ።

«ጥቁር አፈር» አሉ።

«ቀለሙ አመድ ነው እንጂ፣ አባባ።»

«ቀለሙን ተዪው። ጠባዩን እዪ።»

ሠላሳ ዓመት ያህል በአገራቸው የመሬት መዝጋቢ ነበሩ። መንግሥት በእግራቸው እየላካቸው፣ የአውራጃውን እርሻ አንድ በአንድ እየዞሩ፣ የአፈሩን ዓይነትና ደረጃ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩ ሰው። አውራጃቸውን በከዘራ ጫፍ መሬቱ ላይ ይሥሉልኛል። በምዕራብ በኩል አናታቸው የተደለደለ ተራሮች አሉ፤ ዝናቡ ከባሕር ተነሥቶ መጥቶ እነሱ ላይ ይወድቃል። ወንዙ ከዚያ ይነሣል። ከተራራው ሥር ጥቁሩ ሜዳ ይጀምራል፤ ጥጥ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፤ በየጉድጓዱ ዳር የማንጎ ዛፍ። የእሳቸው መንደር እዚያ ነው፤ አንደኛ ደረጃ መሬት። ከዘራቸው ወንዙን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይሄድና መሐል ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ጠይቄአቸው ነበር።

«ከዚያ ወዲያ ምንም የለም» አሉኝ።

መደብ መሥራቱን ማን እንደጀመረው ዛሬም እንጨቃጨቃለን። እኔ እሳቸው ናቸው እላለሁ፤ እሳቸው እኔ ነኝ ይላሉ። እንዲህ ያለ መሬት ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁለታችንም ስለምናውቅ አንድም ቃል መነጋገር አላስፈለገንም። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ፣ ያን የጠላሁትን ሥራ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ሠራሁት። በአካፋ እየቆፈርኩ፣ በእጄ እየዛቅኩ፣ በእሳቸውም በእኔም ቁራሽ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ መደብ ቆለልኩ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው የቦዩን ቁልቁለት በዓይናቸው ይለካሉ፤ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ልጄ፤ ውሃው ወደ መንገዱ ይውጣ» ይላሉ። ጎረቤቶች እየቆሙ ፎቶ ያነሱን ነበር። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ!

ሽምብራውን ሜይ ላይ ዘራን። ትንሿን፣ ቡናማዋን ዓይነት፤ ከእኛ አገር ሰዎች ሱቅ የገዛሁትና እሳቸው ከህንድ ሱቅ ያመጡት ጎን ለጎን ሲታይ አይለይም። በቀለ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ሲዘረጉ አባባ ጎንበስ ለማለት ስላልቻሉ አንድ ቀንበጥ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ ጣታቸውን ቅጠሉ ላይ አሽተው ወደ ምላሳቸው ወሰዱ። እኔም ሳላስበው ያንኑ አደረግኩ። የሽምብራ ቅጠል ጨው ጨው፣ ኮምጠጥም ይላል፤ ሽምብራ ያላሳደገ ሰው ይህን አያውቅም። ተያይተን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ዝናቡን መጠበቅ ሆነ ሥራችን።

ዝናቡ አልመጣም። ጁን ገባ፤ ሰማዩ ጠራ፤ ከሜዳው የሚነሣው ነፋስ ከንፈር ያደርቃል። ውሃ ማጠጣት የሚፈቀደው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በነዚያ ቀናት በጎማ የማጠጣው ውሃ ደግሞ መደቡ ላይ አልቆይ አለ። ዞር ሳልል በቦዩ ይወርድና ወደ መንገዱ ይሄዳል። እኛው ነን እንዲሄድ አድርገን የሠራነው፤ አንዲት ጠብታ እንዳትቀር። መንገዱ ጨቀየ፣ ሰው አማረረ፣ መደቦቻችን ላይ ያለው ሽምብራ ግን ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ገለባ ሆነ። በጁን አጋማሽ ከአሥሩ ስምንቱ ደርቆ ነበር።

የቦታው ኮሚቴ ተጠሪ ጡረታ የወጣች ጨዋ ሴትዮ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስመጣ በእኔም በአባባም ቁራሽ ላይ ብርቱካንማ ባንዲራ ተክላ፣ ክሊፕቦርዷን አቅፋ ጠበቀችን።

«ደንቡን ታውቃላችሁ» አለች፤ ፊቷ ላይ ሐዘን አለ። «ከግማሽ በላይ አረንጓዴ ያልሆነ መሬት ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ይሰጣል። ኦገስት መጨረሻ ላይ መጥቼ አያለሁ። ከዚያ በፊት ልትተዉትም ትችላላችሁ፤ ማንም አይቀየማችሁም።»

«አልተውም» አልኩ።

የአባባ ልጅ ያን ዕለት ሊወስዳቸው ሲመጣ «ይበቃል፣ በዚህ ፀሐይ እዚህ መቀመጥ ምን ያደርግልዎታል» ብሎ ተቆጣቸው። የእኔውም ሰውዬ እቤት ስገባ የባንዲራውን ነገር ሰምቶ ኖሮ «በቃ፣ ጊቭ አፕ አድርጊው፤ ሞክረሻል» አለኝ፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ተናደድኩ። በእሱ ሳይሆን በመሬቱ። አሥራ ሁለት ዓመት ጀርባዬን ያጎበጥኩት ለሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ለራሴ ባጎነብስ ይሄ ይከልክለኝ? እራቴን ሳልበላ አንድ ሰሐን ሽምብራ ለቅሜ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። የት እንደምዘራው ገና አላወቅኩም፤ ልዘራው ግን ቆርጬ ነበር።

በማግስቱ ስደርስ አባባ ወንበራቸውን አዙረው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራሮቹ፣ ይመለከታሉ። እኔ የደረቀውን መንቀል ጀመርኩ። ከዴንቨር ወዲያ፣ ተራራው ላይ፣ ደመናው ይጠቁርና ሲዘንብ ከሩቅ ይታያል፤ ከዚያ ነጣ ነጣ ብሎ ባዶውን በእኛ አናት ላይ ያልፍና ወደ ሜዳው ይሄዳል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ነገሬ ብዬ አላየሁትም።

«ነይ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ከዘራቸውን አንሥተው አውራጃቸውን እንደገና ሣሉ። ተራራው፣ ወንዙ፣ ጥቁሩ ሜዳ። ዛሬ ግን መሐል ላይ አላቆሙም። ከዘራው ወደ ምሥራቅ ሄደ። ዝናቡን ተራራው ስለሚያስቀረው እዚያ እምብዛም አይደርስም አሉኝ። አፈሩ ስስ ነው፣ ጠጠር ይበዛዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ከዓመቱ አብዛኛውን አሸዋ ብቻ ነው፤ ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ይጨልፋሉ። ሰው ግን ይኖርበታል፤ ያርሰዋል።

ከዚያ የምሥራቁን በኩል በከዘራቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። «እኛ ያለነው እዚህ ነው። እኔና አንቺ እርጥብ አገር ያለን መስሎን ነው የሠራነው።»

ትክክል ነበሩ። ዝናቡን ከእነዋሪ ይዤው የመጣሁ ይመስል ነበር መደብ ስቆልል የሰነበትኩት።

«እነዚያ ሰዎች እንዴት ነው የሚዘሩት?» አልኳቸው።

በመጀመሪያ ሌላ ነገር ነገሩኝ። መሬት ሲመዘግቡ ያን የምሥራቁን በኩል ሁሉ ሦስተኛ ደረጃ ብለው ጽፈውታል። አፈሩን በእጃቸው እንኳ ሳይነኩት፣ ከመንገዱ ላይ ቆመው። አንድ ገበሬ ይህን ሰምቶ፣ የእሱን እርሻ ገና ሳይጽፉት፣ በጨርቅ የተቋጠረ የሽምብራ እሸት ይዞ ተከትሏቸው መጣ። «ይህ በዚህ መሬት ላይ የበቀለ ነው፤ ቅመሱትና ከዚያ ጻፉ» አላቸው። ጣፋጭ ነበር፤ እየፈለፈሉ ጨረሱት። ከዚያ ሦስተኛ ደረጃ ብለው ጻፉ። በኋላ የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ሹሞቹ መዝገቡን አዩና ቦዩን ወደ ምዕራብ አዞሩት፤ ምሥራቁ ውሃ ሳያገኝ ቀረ።

«በልተው ጻፉ?» አልኳቸው። ድምፄ ሳላውቀው ከፍ አለ።

«በልቼ ጻፍኩ።»

አባቴ ትዝ አለኝ። በእኛም አገር በድሮ ጊዜ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ለግብር ይመዘገብ እንደነበር ሲያወራ፣ የመዝጋቢዎቹን ነገር ሲያነሣ ፊቱ ይለወጥ ነበር። አባባ ላይ ተናደድኩ፤ እውነቱን ነው የምጽፈው። ፊቴን አዙሬ የደረቀውን ሽምብራ መንቀሌን ቀጠልኩ። እሳቸውም ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። የመጨረሻውን መደብ አጽድቼ ስጨርስ ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ግን ቀኑ ይሄዳል፤ ኦገስትም አይጠብቀኝም።

«አሁን አዘራራቸውን ይንገሩኝ» አልኩ። «አንድም ሳያስቀሩ።»

ነገሩኝ። ዘሩ የሚወርደው ከፍ ካለው ላይ ሳይሆን ቦዩ ውስጥ ነው። ቦዩ በሁለቱም ጫፍ ይደፈናል፤ በየአንድ እርምጃው መሐሉ ላይ ትንሽ የአፈር ግድብ ይደረግለታል፤ የወረደ ውሃ ወዴትም እንዳይሄድ። ቡቃያው ብቅ ሲል መሬቱን በአገዳና በገለባ ያለብሱታል። በቁልቁለቱ በኩል ድንጋይ ይደረድራሉ። ሁሉንም ያስታውሱ ነበር። ሳያዩ አልነበረም የጻፉት ማለት ነው፤ አይተው ነው።

ሥራው አራት ቀን ከሰዓት በኋላዬን ሁሉ ፈጀብኝ። ሦስት ቅዳሜና እሑድ የቆለልኩትን መደብ ራሴው ናድኩት። ፎቶ ያነሱን ሰዎች አሁን ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። በእኔና በአባባ መሬት መካከል ያለውን ገመድ ፈታሁት፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ወረደ። እጅጌውን ሰብስቦ ከአጥሩ ሥር የተከመረውን ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። አባባ በከዘራቸው ያሳዩታል፣ እሱ ያስቀምጣል፤ እንደገና ያስነሡታል፣ እሱ ያነሣል። ወደ ማታ ላይ ላቡን እየጠረገ «ሰውዬው ግን ከኔ አለቃ ይብሳሉ» አለኝ በአማርኛ። አባባ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ጎበዝ መሐንዲስ ናቸው አለ አልኳቸው።

እንደ አዲስ የዘፈዘፍኩትን ሽምብራ ቦዩ ውስጥ ዘራነው። በሳምንቱ በቀለ። ያ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጠኝ ውሃ አሁን ከየግድቡ ጀርባ ተኝቶ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ በሦስተኛውም ቀን ጣቴን ብሰድ እርጥበት አገኛለሁ። ጁላይ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ተገለበጠና ከበረዶ ጋር ዘነበ። መኪና ውስጥ ሆነን አየነው። ሲያባራ ሮጥኩ። የጎረቤቶቼ ቲማቲም ተቀጥቅጧል። የእኛ ሽምብራ ግን ቦዩ ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ በገለባ ተከልሎ፣ ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው ያጣው። በየግድቡ ጀርባ ውሃ ሞልቶ በረዶ ይንሳፈፍበታል። አንድም ጠብታ ወደ መንገዱ አልወጣም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለአባባ የበረዶው ብርድ ነው አልኳቸው።

ኦገስት ሊያልቅ ሲል ሴትዮዋ ክሊፕቦርዷን ይዛ መጣች። እኔ የሥራ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም፤ ከነርሲንግ ሆም በቀጥታ ነው የደረስኩት። አባባ ቀድመውኝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ያን ቀን ኮት ለብሰው ነበር። ሴትዮዋ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረች። ሜትሯን እንኳ አላወጣችም። ጎንበስ አለችና ሁለቱንም ባንዲራዎች ነቅላ ብብቷ ሥር አደረገቻቸው።

«የእናንተ ነው» አለች።

ሳልጠይቃት በሁለት እጄ ጨበጥኳት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁሉም አልሚ የሚሞላውን ወረቀት ሰጠችኝ። ገመዱን ስለፈታነው ለሁለታችን አንድ ወረቀት ነው። የአፈሩ ሁኔታ የሚል ጥያቄ አለው፤ መጥፎ፣ ደህና፣ ጥሩ። መጥፎ ያሉ ሰዎች በመኸር አንድ መኪና ኮምፖስት፣ ያ ከበሰበሰ ቅጠል የሚሠራው ማዳበሪያ፣ በነጻ ይጫንላቸዋል። ይህን ከሳምንት በፊት ሰምቼ ነበር፤ ምን እንደምሞላም አስቀድሜ ወስኛለሁ። ኮምፖስቱን የት የት እንደማደርገው ሳይቀር አስቤ ጨርሼ ነበር።

ከመሙላቴ በፊት ግን አንድ እግር ሽምብራ ከነሥሩ ነቅዬ ለአባባ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው እሸት ነው። ራሴን ማስቀደም ፈልጌ ነበር፣ ቃሌም እንደዚያ ነበር፤ እጄ ግን ወደ እሳቸው ሄደ። አንዱን ፈልፍለው አፋቸው ውስጥ አስገቡ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። በጣም ቀስ ብለው ነበር የሚያኝኩት። ከዚያ እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠርገው ዘረጉልኝ።

«ወረቀቱን ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። እስክሪብቶውን ያዙ። ጥሩ የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ከሥሩ በራሳቸው ፊደል አንድ መስመር ጽፈው ፈረሙበት።

ሴትዮዋ ተቀብላ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «ጥሩ ካላችሁ ኮምፖስቱ ለሌላ ሰው ይሄዳል። እርግጠኛ ናችሁ?»

ያን ኮምፖስት እንዴት እንደፈለግኩት እግዚአብሔር ያውቃል።

«እርግጠኛ ነን» አልኳትና ከእሳቸው ፊርማ ሥር ፈረምኩ።

ስትሄድ ባልዲዬን ገልብጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በፊደላቸው ምን ብለው እንደጻፉ ጠየቅኳቸው።

«አንደኛ ደረጃ» አሉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። «ዛሬም በልቼ ነው የጻፍኩት።»

የነቀልኩትን ሽምብራ መሐላችን አስቀምጠን የቀረውን እሸት አብረን ፈለፈልን።